ከክንዱ በታች የቀረው

ይድረስ ከእኔ ቀጥለሽ ተወልደሽ ጡት ላስጣልሽኝ እህቴ፤ ሞጣ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ከገበያ መልስ አልከዳሽም? እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ፤ ልጅሽን ማስተዋልንም ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። እኔ እዚህ ቢቸና ተመስገን ነው። መብራት ሲሄድ እተኛለሁ፣ ሲመጣ እነሣለሁ፤ ዶሮ ሆኜልሻለሁ። ጾሙንም የፈታሁት ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋሁ ነው። የዘንድሮ ሙሽራ ብዛቱ! አገሩ ሁሉ ለዳግማይ ትንሣኤ ባነር ይፈልጋል። ልኳንዳ ቤቶቹ ደግሞ በሬ ሥሪልን ብለው፣ የሠራሁላቸውን ከስቷል ብለው መለሱብኝ፤ አወፍሬ ሰጠኋቸው። ትስቂ እንደሆነ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩልሽ፤ የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ያ ስልክሽ ማዳመጫው ከተበላሸ ወዲህ ላንቺ የሚነገረውን ቤቱ ሁሉ ስለሚሰማው ነው። ያን ዕለት የማስተዋልን የሰርግ ባነር ናሙና በቴሌግራም ልኬልሽ ስትደውይ፣ የሽንኩርት ከታፊዎቹ ጫጫታ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «ምነው አማቼን ወደ ጎን አዞርሽብኝ? አባባ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥል በአንድ ዓይን የሚያስቀረው ሰይጣንንና ይሁዳን ነበር፤ የልጄን ባል ከማን ደመርሽው?» አልሽ፤ ሳቁ። ቀጥለሽ ደግሞ ለነሱ ዞረሽ «የራሷ ባነር ሳይሰቀል ስለቀረ ነው» አልሽ፤ የባሰውን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እህቴ አይደለሽ?

እውነትሽን ነው፣ የኔ አልተሰቀለም። የምነግርሽን ሁሉ ምቀኝነት ነው ትያለሽ ብዬም አፌን ይዤ ሰነበትኩ። አሁን ግን የሰርጉ እሑድ ደረሰ። እኔ አልወለድኩም፤ ማስተዋልን ግን አንቺ ገበያ ስትውይ በዚህ ጀርባዬ አዝያታለሁ።

ሥራዬን ታውቂው የለ፤ ሰው ከፎቶ ላይ ስቆርጥ ጠርዙን በማውዝ ነጥብ በነጥብ እዞረዋለሁ፤ ፀጉሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን። ስም እረሳለሁ፣ ጆሮ ግን አልረሳም። እጮኛዋ አንዷለም የላከልኝ ፎቶ ሁሉ ወይ ጥቁር መነጽር ያለበት ነው፣ ወይ ሲለጠጥ የሚፈረካከስ። ቢሆንም አንዱን ይዤ ስዞረው ጆሮው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የቀኝ ጆሮው ጫፍ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ይህን ጆሮ የት ነው ያየሁት አልኩ።

በዓል ሲሆን ከቢቸና ወጣ ወዳለችው ማርያም እንደምሄድ ታውቂያለሽ። ቅኔውን የሚያውቁት ይስሙት፣ እኔ የምሄደው ለቀለም ነው። ጃንጥላውን፣ መጋረጃውን፣ አባባ «ይኼን ቀይ ከየት አመጡት?» እያለ የቀናበትን የግድግዳውን ቀይ በስልኬ አነሣና፣ ቤት ገብቼ የሰርግ ካርድ አደርገዋለሁ። ዲዛይን የት ተማርሽ ሲሉኝ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ እላለሁ። እውነቱ ግን የአባባን የቀለም ዕቃ ሳጥብ ነው የተማርኩት፤ አንቺም አብረሽኝ አጥበሻል።

አምና እዚያው ማርያም ክርስትና ነበረ። እኔ ያነሣሁት ጃንጥላውን ነው። ከጃንጥላው ሥር ግን አንድ ጎልማሳ በነጭ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ያየዋል። ያኔ እኔም አላውቀው፣ ማስተዋልም ገና አልተዋወቀችው። ጆሮው ትዝ ሲለኝ ያን ፎቶ ፈልጌ ከፈትኩት። እሱ ነው፤ አንዷለም።

የክርስትና አባት ይሆናል አልኩ። ሰው ሕፃን ስለታቀፈ አባት አይባልም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ግን ዝም ብዬ «መልካም ጋብቻ» ብሎ መጻፉ አልሆንልኝ አለ። ስለዚህ ከዚያው ፎቶ ቆረጥኩት። ከክንዱ በላይ አስቀርቼ ከማስተዋል ጎን አቆምኩት። ወደ ጎን የዞረው ለዚህ ነው፤ ዓይኑ ያለው ከክንዱ በታች በቀረው ላይ ነው። እሱ ራሱ ሲያየው የሚለውን ልስማ ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ባነሩን ሊያይ ሱቄ መጣ። እየሳቀ ነበር የገባው። ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞርኩለት፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እትዬ፣ ይቺን ፎቶ ከየት አገኟት?» አለኝ። ከማርያም አልኩት፤ ሙሉውንም ከፈትኩለት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ይርጋነሽ፣ አፏ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ፣ የጥልፍ ቀለም ልታማክረኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በትከሻው ላይ አጮልቃ አየችና «እሰይ የኔ ልጅ! ክርስትና አንሥተህ ነው? አበ ልጅ ከወንድም ይበልጣል። ማን ይባላል የክርስትና ልጅህ?» አለችው።

እህቴ፣ አዎ ማለት ብቻ ነበረበት። ክርስትና ያነሣ ሰው ገበያ መካከል ያወራዋል እንጂ ይደብቀዋል? እኔም «እሰይ» ብዬ ልገላገል ቋምጬ አፍ አፉን አየሁት። እሱ ግን የኮምፒውተሩን ገጽ በእጁ ሸፈነው። ይርጋነሽ እንኳ፣ ያቺ ይርጋነሽ፣ ቀልዷን ዋጥ አድርጋ ክሯን ይዛ ወጣች።

እሷ ስትወጣ «ያጥፉት» አለኝ፤ «ከስልክዎም ከኮምፒውተሩም»። ለምን አልኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት እጁን ተክሎ ጎንበስ አለብኝና «እትዬ፣ የሰው ትዳር ማፍረስ ኃጢአት ነው፤ ለእርስዎም አይበጅ» አለኝ። የየትኛውን ትዳር እንደሆነ አልነገረኝም። በሩን ሲዘጋው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ይደውላል፤ አላነሣም። ሱቁንም የምከፍተው ይርጋነሽ የሷን ስትከፍት ጠብቄ ነው።

በዚህ ባቆም ጥሩ ነበር። የፋሲካ ማግስት ተነሥቼ ማርያም ሄድኩ፤ ለመጋረጃው ነው እያልኩ። ዛፉ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ወጣት ናት፣ ነጠላዋ አዲስ፣ እጇ የሠራተኛ እጅ። ልጇ ዙሪያዋን እየወደቀች እየተነሣች ትሮጣለች። ልጅቱን ፎቶ ላንሣልሽ አልኳት። ደስታዋን ብታይ! «አባቷ ሞጣ ነው የሚሠራው፣ እልክለታለሁ» አለችኝ። ስሙን አልጠየቅኳትም። ለዳግማይ ትንሣኤ ይመጣል ወይ ብቻ አልኳት። «እሑድ ሥራ ይበዛበታል፤ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ ብሏል» አለችኝ። አገልግሌን ይዤ ስነሣ ሮጣ ደርሳ አንድ እንቁላል ጨመረችልኝ። ያን እንቁላል እስካሁን አልበላሁትም።

ጥቅልሉን በሾፌሩ በባየ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሁለት ነው። የላይኛው ባነሩ ነው። አበባው በዛ ያልሽውን ቀንሻለሁ፣ የማስተዋልን ስም አጉልቻለሁ፤ ሙሽራውን ግን ማዞር አልቻልኩም። ውስጥ የተጠቀለለውን በር ዘግተሽ ከማስተዋል ጋር ፍቱት። ከታፊዎቹ ይውጡ፤ ያ ስልክሽም ይጥፋ። ከዚያ በኋላ የላይኛውን እንሰቅላለን ካላችሁ ስቀሉት። መጥቼ እልል እላለሁ፣ ቂምም አልይዝ። ምቀኛ በይኝ፣ እሺ እላለሁ። ብቻ ልጅቷ አይታ ትወስን።

እመቤቴ ልብሽን ታጽናው። የጠመቅሽው ጠላ ለሰርግም ይሁን ለሌላ፣ ብቻ በሰላም ያስጠጣሽ። ማስተዋልን፣ ያዘላትን ጀርባ ታስብና እንዳትቀየመኝ በያት።

ታላቅሽ ነኝ፣
ከቢቸና

ይኼን ረስቼ። ውስጠኛው ዛፉ ሥር ያነሣኋት የልጅቱ ፎቶ ነው፤ አንድም ቃል አልጻፍኩበትም፣ ከዳሩም ምንም አልቆረጥኩም። የልጅቱን ቀኝ ጆሮ እዪው። አባባ ንጹሐኑን እንዴት አድርጎ እንደሚሥል አልረሳሽም ይሆናል፤ እሷን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ ነው ያነሣኋት።