የሞተ ሰው የሌለበት ተዝካር

ቢቸና፣ የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በዚያ ጉልበትሽ ማለዳ ማለዳ ኪዳን መሄዱን ቀነስ ብታደርጊው እግዚአብሔር አይቀየምሽም። እኔ ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ደህና አይደለሁም። ከትናንት ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበትሽ ጠይቄ ዘጋሁት። በአፌ አልወጣ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

መስከረም ላይ ለሰባተኛ ክፍል ልጆቼ ብሎግ ከፈትኩላቸው። ብሎግ ማለት፣ እማዬ፣ ልጆቹ የጻፉት በኢንተርኔት የሚለጠፍበት ሰሌዳ በይው፤ ሰው ከየትም ሆኖ ያነበዋል፣ ከሥሩም አስተያየቱን ይጽፋል። ርዕሰ መምህሩ ስሙን ሲሰማ ኋላ ጣጣ እንዳያመጣብን ብሎ ፈራ። ስለዚህ እኔ ሳላነብና ሳልፈቅድ አንዲት መስመር እንዳትወጣ አድርጌ ቆለፍኩት። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ መኩራቴ! ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓት ተራ ለመያዝ ይጋፉ ነበር። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይሉት እዚያ ላይ ሲጽፉ ብታያቸው ጉድ ትያለሽ።

ከእነሱ አንዷ ወይንእሸት ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ስትጽፍ ግን ወየው! ከገና በኋላ አንድ አጭር ጽሑፍ አመጣች። እቤታችን ተዝካር ይደገሳል ትላለች፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ድንኳን ተውሰናል፣ ለእኔም አዲስ ቀሚስ ተሰፍቶልኛል፤ የሞተ ሰው ግን የለም፤ ማን ነው የሞተው ብዬ እናቴን ብጠይቃት አለቀሰች። በቃ፣ እዚያ ላይ አበቃ። እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ሳቅሁ። ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ አስጨበጨብኩላት። ከሥሩም አጀማመርሽ ግሩም ነው፣ መጨረሻው ግን ግልጽ አይደለም፣ አስተካክይው ብዬ ጻፍኩ። እኛ አገር ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ስትዳር ቀበሌ እንዳይሰማ ሰርጉን ተዝካር ነው እንደሚሉት ማን ያጣዋል? እኔ፣ የሞጣ ልጅ፣ አጣሁት። አይ መማር!

ጥር መጨረሻ ላይ ፈተና ቀረች። ጓደኞቿን ብጠይቅ ሉማሜ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች አሉኝ። ቀሪ ብዬ ምልክት አደረግሁና አለፍኩ። በዚያው ሰሞን አንቺ ለአባቴ ሰባተኛ ዓመት ተዝካር ነይ ብለሽ ላክሽብኝ፤ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። አባቴ ካረፈ ገና ስድስት ዓመቱ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር ተበላሽቶ ወር ሊሞላው ነበር። ትናንት ተጠግኖ ብሎጉን ስከፍተው፣ በወይንእሸት ጽሑፍ ሥር አንድ አስተያየት የእኔን ፈቃድ ይጠብቃል። ሃያ ሁለት ቀን ጠብቆኛል። ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦

"ቲቸር፣ መጨረሻው ግልጽ አይደለም ብለውኝ ነበር። ተዝካሩ የእኔ ሰርግ ነው። አሁን ሞጣ ነኝ። በባሌ ስልክ ተደብቄ ነው የምጽፈው፤ ብደውል ይሰሙኛል። እዚህ ግድግዳው ላይ የእርስዎ የምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ሳየው የሚያስመልሱኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። አባቴ የመምህርት ቤት ነው የሰጠሁሽ፣ ምን ጎደለሽ ይለኛል። ቲቸር፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

ቤቱ የእኛ ቤት ነው፣ እማዬ። ባሏም የእኔው ወንድም፣ ቢያድግልኝ ነው። ስልኩንም ለገና የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ቢያድግልኝ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ ሞፈር የጨበጠው እኔ እንድማር ነው። ያ ፎቶ የእሱ ላብ ነው። ትናንት ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ደጃፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዛሬም ሄጄ ተመለስኩ። ብናገር ወንድሜን አሳስራለሁ፤ ዝም ብል ልጅቷን በገዛ እጄ ቀበርኳት። እስኪ በሞቴ፣ ምን ልሁን? ክፍል ገብቼ ልጆቹን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንቺንም ተቀይሜሻለሁ። ደግሞ አንቺ ራስሽ እዚያ ቤት ስትገቢ ስንት ዓመትሽ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፤ እሱም ያቃጥለኛል።

ይህን በሾፌር እጅ ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ልጅቷን ይዤ ነው የምመለሰው፤ አንሰጥም ካላችሁ ከመናኸሪያው ቀጥታ ወደ ፖሊስ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ወንድም ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። እናትም።

ደብዳቤዬን የሚያነብልሽ ቢያድግልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባት እስካሁን ድምፁ ተቋርጦ ይሆናል። አትቆጪው። ወረቀቱን ከእጁ ተቀበይና አጠገብሽ ለተቀመጠችው ልጅ ስጫት፤ የቀረውን እሷ ታነብልሻለች።

ወይንእሸት፣ አላውቅም ነበር።

እማዬ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለእኛም ልብ ይስጠን።

ልጅሽ