ጋሽ መርፌ ያልረሷት ስፕሪንግ

ጋሽ መርፌ ከከባድ መኪና መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት አንድ ክፍል ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነበረች፤ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ የጭነት መኪና ሞተር ይፈተሽ ነበር። እናታችን «ልጁ ማልቀሱን ያወቅኩት አፉ ሲከፈት አይቼ ነው» ይሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ። ለቀብር ከመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ወንድሜን የምታስታውሷቸው «ረሳሁ» በሚል አንድ ቃል ነው። ቃሉን የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው፤ ቃሉ ግን ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ሳልናገር አፈር አይለብሱም።

አባታችን ቅን ሰው ነበሩ፤ እጃቸው ግን ከመዶሻቸው ይከብድ ነበር። በቀብር ላይ ይህን ማንሳት ነውር ነው የሚል ካለ ነውሩን ለእኔ ይተውልኝ። ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመታቸው የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈታተው በጋራዡ ወለል ላይ ዘረጉት። አባታችን የሞተር ማራገቢያ በሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ በቬንቲሌተር ቺንጋ፣ ገርፈው ገርፈው የግራ ትከሻቸውን አጥንት ሰበሩት። ወንድሜ የግራ ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ በቀኝ እጃቸው ብቻ ሞተሩን መልሰው ገጠሙት። በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳ። አባታችን ቆመው ሰሙትና «ዘይት ጨምርበት» ብለው ሄዱ። ወንድሜ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን እንደ ምርቃት ይቆጥሩት ነበር። እኔ አልቆጥረውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሰው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ሊመረቁ ሁለት ወር ሲቀራቸው መምህራቸውን በቡጢ መትተው ተባረሩ። መምህሩ የተማሪ እጅ ማሽን ውስጥ እያለ ማብሪያውን ያበራ ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቡጢውን እንጂ ማብሪያውን አይጠቅስም። ወንድሜ በሌሎች ብዕር መከሰስ የጀመሩት ያኔ ነው።

ከ1975 እስከ 1989 ዓ.ም. በጄኔሬተር ማምረቻ ሠሩ። እዚያ አንድ ቀን ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ተሰብሮ የብረቱን ሽፋን በስቶ ሲወጣ የግራ ሌባ ጣታቸውን ጫፍ ቆርጦ ወሰደው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲጮኹ እሳቸው መጀመሪያ ሞተሩን አጠፉ። ቀጥሎ ጣታቸውን ከወለሉ አንስተው በመሃረብ ጠቀለሉ። ሐኪም ቤት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። «መጀመሪያ የሚሮጠውን አቁም፣ ቀጥሎ የሚደማውን እሰር» ይሉ ነበር። ይህን አባባል አትርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ1983 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ ወንድና ሴት ልጅ ወለዱ። በ1989 ዓ.ም. ማምረቻውን ለቀው፣ ከጡብ መጋዘኑ ጎን ባለችው ባለ ሁለት በር ሱቅ በሪሞት የሚነዱ የውድድር መኪኖችን ሞተር መጠገን ጀመሩ። እነዚህ መኪኖች መጫወቻ የሚመስሏችሁ አላችሁ። ሞተራቸው መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ናይትሮ የተቀላቀለበት አልኮል እየጠጣች በደቂቃ ከሠላሳ ሺህ ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች፤ መኪናዋም በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ትበርራለች። የሚመታ ነገር በትንሽነቱ አይናቅም፤ ጥይትም ትንሽ ናት።

ጋሽ መርፌ የተባሉት በካርቡረተሩ ላይ ነዳጁን በምትመጥነው መርፌ ነው። መርፌዋን ጥቂት ካጠበቋት ነዳጁ ያንሳል፤ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ራሱን ይበላል። ካላሏት ነዳጁ ይበዛል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። ወንድሜ የጭሱን መጠን ያያሉ፤ በሞተሩ ራስ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርገው ይቆጥራሉ። ጠብታዋ ሦስት ሳይቆጠር ከተነነች ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ካንዴላውን ፈትተው ሽቦዋን በማጉያ መነጽር ያያሉ። ሞተር ሲፈትሹ ያናገራቸው ሰው መልስ አያገኝም፤ ደግሞ ያናገራቸው ግን ካቻቢቴ ይወረወርበታል።

ሱቁ በተከፈተ በሁለተኛው ወር የተጣበቀ ፒስተን ለማላቀቅ ሞተር በባለቤታቸው ድስት ቀቀሉ። ባለቤታቸው ድስቱን ከነሞተሩ ወረወሩባቸው፤ በቅንድባቸው ላይ የነበረችው ጠባሳ የዚያን ቀን ናት። ድስቱ ከዚያ በኋላ የሞተር ድስት ሆነ። «ፒስተኑ ግን ለቀቀ» ይሉ ነበር ወንድሜ፤ ባለቤታቸውም «አንተንም ነፍስህ ልትለቅህ ነበር» ብለው ይመልሳሉ።

በጠረጴዛቸው ላይ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ነበረ። ከመኪና የተፈታ ቡሎንም፣ ስፕሪንግም፣ ቀለበትም ሁሉ በዚያ ክዳን ይቀመጣል። ክዳኑ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ ከቀረች መኪናው ከሱቁ አይወጣም። ሲጨርሱ ክዳኑን ገልብጠው በጠረጴዛው ላይ ያንኳኩና «ክዳኑ ባዶ ነው፤ ሂድ» ይላሉ። ደንበኛ ይህን ሳይሰማ መኪናውን አያነሳም ነበር። ወደ ውድድር ሜዳም ክዳኑን ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ገር ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። አንድ ደንበኛ ከእሳቸው በኋላ መርፌዋን አጥብቆ ሞተሩን አቃጠለና ሊከሳቸው መጣ። «ትንሽ ነው ያጠበቅኳት» ቢላቸው «እኔም ትንሽ ነው የምመታህ» ብለው ጥርሱን አወለቁት። ጥርሱን ክዳኑ ላይ አስቀምጠው «የፈታሁትን አልጥልም፣ ውሰድ» አሉት። ሰውዬው ዛሬ እዚህ አለ፤ ከአበባ አምጪዎቹ አንዱ ነው። ሲስቅ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ 2007 ዓ.ም. ልምጣ።

በመኪኖቹ ላይ ሰርቮ የምትባል አንዲት ትንሽ መሣሪያ የካርቡረተሩን በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በውድድር መሃል ባትሪው ቢሞት ሰርቮዋ ባለችበት ትደርቃለች፤ በሩ ተከፍቶ ከነበረ ተከፍቶ ይቀራል። ያን ጊዜ በሩን ስቦ የሚዘጋው ከጥፍር የማትረዝም አንዲት ስፕሪንግ ብቻ ናት። ነጂዎች አይወዷትም፤ ነዳጅ ሲሰጡ ታዘገያለች ይላሉ። ወንድሜ ያለ እሷ መኪና አውጥተው አያውቁም።

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ውድድር ላይ የወንድሜ መኪና ሃያኛው ደቂቃ ላይ ባትሪው ሞተ። ነጂው ልጃቸው ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት። መኪናው በሩ እንደተከፈተ ከመታጠፊያው ወጣ። እዚያ የተገለበጡ መኪኖችን የሚያቀናው ሰው፣ ሁላችንም አንሺው የምንለው፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። መኪናው ጉልበቱን መታው። አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጣ። መኪናው ተገልብጦ እንኳ መጮኹን አላቆመም።

ወንድሜ ከሰው ሁሉ ቀድመው ደረሱ። የነዳጁን ቱቦ በባዶ እጃቸው ቆንጥጠው ሞተሩን አጠፉ፤ መዳፋቸው በጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው ላይ፣ ተላጠ። ወዲያው ቀበቷቸውን ፈትተው አንሺውን ከጭኑ ላይ አሰሩት፤ ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው ያዙ። የአንሺው ሁለት ወንድሞች የአጥሩን ብረት ቧንቧ ነቅለው የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ጀርባቸውን መቱ፤ ጎናቸውን መቱ፤ መንጋጋቸውን ሰበሩ። ወንድሜ ራሳቸውን ለመከላከል አንድ እጅ እንኳ አላነሱም፤ ቢያነሱ ቀበቶው ይላላል። ሐኪሙ በኋላ አንሺው እግሩን እንጂ ነፍሱን ያላጣው በዚያ ቀበቶ ነው ብሎ ነገረን። ቀበቶውን ከጣቶቻቸው ያስለቀቁት ሁለት ነርሶች ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት የውድድር ክለቡ ኮሚቴ ሆስፒታል መጣ። ሦስቱም አባላት ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከሦስቱ አንዱም በሕይወቱ የአየር ማጣሪያ አጥቦ አያውቅም። ስፕሪንጓ ከመኪናው ላይ እንዳልተገኘች ተናግረው የት እንደሄደች ጠየቁ። የወንድሜ መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ነበርና ወረቀት ሰጧቸው። «ረሳሁ» ብለው ጻፉ። ኮሚቴው ሌላ አልጠየቀም። ሰው ሁሉ ስለ ክዳኑ ያውቃል፤ ያ ክዳን በዚያ ጠዋት ሜዳው ላይ ባዶ ሆኖ ሲንኳኳ አርባ ሰው ሰምቷል፤ ማንም ግን «ስፕሪንጓ ክዳኑ ላይ ካልቀረች የት ገባች?» ብሎ አላሰበም። ከማሰብ ማገድ ይቀላል። የዕድሜ ልክ እገዳውን ደብዳቤ በመስታወት ከተው በውድድር ሜዳው በር ላይ ሰቀሉት። ዘጠኝ ዓመት ተሰቅሏል።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ከአደጋው ማግስት የወንድሜን ልጅ ሸሚዝ፣ የአንሺው ደም የረጨውን፣ ልነክረው ስል ኪሱ ውስጥ ስፕሪንጓን አገኘኋት። አባቱ ነዳጅ ሊያመጡ ዞር ሲሉ ለፍጥነት ብሎ ፈቷት ነበር። ክዳኑ ላይ ቢያስቀምጣት አባቱ ያያሉ፤ ስለዚህ ኪሱ ከተታት። ከዚያ አባቱ ባዶውን ክዳን አንኳኩተው «ሂድ» አሉት።

ስፕሪንጓን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይኸው!» አልኳቸው። አይተው ከእጄ ወሰዷትና በወረቀት ጻፉልኝ፦ «አላየሽም። ሰዎቹ ቧንቧውን አልጣሉትም። እኔን ደብድበው ጨርሰዋል፤ ልጄን ገና አልጀመሩትም።» አስማሉኝ። ዘጠኝ ዓመት መሐላዬን ጠበቅሁ። ዛሬ አፈርሰዋለሁ፤ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። ወንድሜ ልጃቸውን ለማዳን የገዛ እጃቸውን ስም አጠፉ፤ በዚህም ተቆጥቻቸው ነው የምቀብራቸው።

አንሺው አንዱን እግሩን ከጉልበት በላይ አጥቷል። በሦስተኛው ወር በክራንች ሱቁ ድረስ መጣ፤ እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ «ጋሽ መርፌ፣ ስፕሪንግ የሚረሳ ሰው ቀበቶ አይዝም» አላቸው። ወንድሜ «ሥራ ፈትቻለሁ፣ ነገር አታምጣብኝ» አሉት። «እኔም ፈትቻለሁ፤ ወንበር አለህ?» አለ። ስፕሪንጓን ማን እንደፈታት አንድም ቀን ሳይጠይቃቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ባለፈው ወር ድረስ በዚያው ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሞተር ጠገኑ። የታገደው ጋሽ መርፌ እንጂ እጃቸው አልነበረምና ያገዷቸው የኮሚቴ አባላት ሞተሮቻቸውን በሰው እጅ ይልኩላቸው ነበር። ወንድሜ ያውቃሉ። መርፌዋን በትክክል ያስተካክሉላቸው ነበር። እኔ ብሆን አላደርገውም።

ወንድሜ ከድብደባው አንድ ኩላሊታቸውን አጥተው ነበር፤ የቀረው ደግሞ ባለፈው ዓመት ደከመ። ሐኪሞች አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ አደረጉ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከትናንት በስቲያ የወንድሜን ልጅ ጠርቼ ይህን እንደምጽፍ ነገርኩት። «አክስቴ፣ ጻፊው። አንቺ ካልጻፍሽው እኔ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ እናገረዋለሁ» አለኝ። ተናድጄ «ዘጠኝ ዓመት የት ነበርክ?» ብዬ ጮህኩበት። «ሱቁ ውስጥ፣ ክዳኑን እያየሁ» አለ። ትናንት እሱና አንሺው በተቀመጡበት፣ አባቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደብቀው ያኖሯትን ስፕሪንግ አውጥቶ አንሺው መዳፍ ላይ አኖራት። አንሺው በጥፊ መታው፤ በዚያው እጅ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ዛሬ ሳጥኑን ከፊት ይዘው የመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንሺው በሰው ሠራሽ እግሩ።

የአንሺው ወንድሞች፣ ሁለታችሁም እዚህ ቆማችኋል። የልጁን ድርሻ አባቱ ተቀብለው ጨርሰዋል፤ ለእናንተ የቀረ ዱላ የለም። የኮሚቴው አባላት ደግሞ አበባችሁን አኑሩና ቀጥታ ወደ ሜዳው በር ሂዱ፤ ደብዳቤውን አውርዱ። ካላወረዳችሁት መስታወቱን እኔ እሰብረዋለሁ፤ የማን እህት እንደሆንኩ ታውቃላችሁ።

ጋሽ መርፌ ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እህታቸውንና ወንድማቸው የሆነውን አንሺውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቁጣ በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ የተቃጠለ መዳፋቸውን ያቀዝቅዝልን፤ ለእኛም የእሳቸውን ያህል የማይላላ እጅ ይስጠን።

ጋሼ፣ ክዳኑ ባዶ ነው፤ ይሂዱ።