ባለቤቴን በባለቤቴ ለተኩት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለሕንፃዎቹ አስተዳደር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዘጠነኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ኮሪደር ጫፍ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ዕረፍት ወጥተው ሲመለሱ ፊትዎ በፀሐይ ጠየም ብሎ እጅግ እንዳማረብዎት ባለቤቴ ነግሮኛል፤ ከድርጅቱ አንድ ሰው እንኳ በማረፉ ቤተሰቡ በሙሉ ደስ ብሎናል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ለድፍረት አይደለም። በፖስታ አሽገን የላክናቸው ሦስት ማመልከቻዎች እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አየር እያጠራቸው ስለተመለሱ፣ ይኼኛው እንኳ እየተነፈሰ ይምጣ ብዬ ነው።

እኔ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛዎ ሚስት ነኝ። ድርጅቱ አንድ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ብቻ ስላለው፣ የማን ሚስት እንደሆንሁ ለማወቅ ፋይል ማገላበጥ አያስፈልግዎትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በወንዝና በግድብ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ባሕር ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። በዓመቱ መግቢያ ላይ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሟ መርምራ መርምራ ካበቃች በኋላ ባለቤቴን ወደ ኮሪደሩ ወጣ አድርጋ፣ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ያሳዩአቸው» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስለ ዓይን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ስለ ባሕር ያላወራ ግን የለም። አባባም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ውሃው መጨረሻው አይታይም የሚሉት እውነት ነው? እስቲ እኔም መጨረሻውን ፈልጌ አጥቼው ልምጣ።»

እንግዲህ ወደ ውጭ አገር የቤተሰብ ዕረፍት ማቀድ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በዓመት ሁለቴ ያዩታል። እኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜያችን ስለሆነ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አባባና ባለቤቴ በባሕሩ ወገን ሆኑ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ መዝናኛ ፓርክ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ትልቋ በሐዲድ ላይ ቁልቁል እየተገለበጠ የሚሮጥ ባቡር ከሌለበት አገር እግሬን አላነሳም አለች። ትንሿ ደግሞ ባቡሩ መግቢያ ላይ ቁመት የሚለካ እንጨት እንዳለ፣ ከእንጨቱ ያጠረም እንደማይሳፈር ከሰማች ወዲህ፣ ሳይረፍድብኝ ልርዘም ብላ በየቀኑ የበሩ መቃን ላይ ትንጠለጠላለች። እኔ መሐል ሆኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በካርታ ሸፍኜ ስታረቅና ሳስታርቅ ከረምሁ። በመጨረሻ የጉዞ ወኪሏ፣ አንጀቷ ይራስና፣ የጓሮ በሩ ወደ ባሕር የሚወጣ መዝናኛ ፓርክ ያለባት ከተማ አገኘችልን። ከፓርኩ ጀርባ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባ ረጅም የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ በርጩማ ዘርግቶ ያጠምዳል። ጠዋት ፓርክ፣ ከሰዓት ዓሣ ተባለ። ረቡዕ ብቻ፣ ዓሣ መንጠቆ የሚነክሰው በማለዳ ነው ብለው አባባ ይግባኝ ስላሉ፣ ተገላበጠ። ዕቅዱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍሁት። ፓስፖርቱ ወጣ፣ ቪዛው ተመታ። ቪዛው የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ድረስ ብቻ ነው፤ ይኼን በኋላ ስለማነሳው ከወዲሁ ልብ ይበሉልኝ።

ልምምዱንም አልተውነውም። አባባ ግቢ ውስጥ ቆመው ለልጆቹ የማጥመጃ ዘንግ አወራወር ሲያስተምሩ፣ ትንሿ ባለ በሌለ ኃይሏ የወረወረችው መንጠቆ አጥር ተሻግሮ የጎረቤታችንን የሌሊት ልብስ ከገመዱ ላይ ነጥቆ መጣ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቤተሰብሽ ልብሴን አጠመደው እኮ! ይልቅ መቼ ነው የምትሄዱት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ ይኼንኑ ነው። ሠፈሩ በሙሉ እንድንሄድ ሲጸልይ፣ እንዳንሄድ የሚሳሱልን እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ፍቅርዎ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽዎ ላይ «የተተኪ ሠራተኛ ስምና ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ፒንሳ የሚላቸው፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልመው ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው፤ በእሳቸው ቦታ እስከ ዛሬ የተቀጠረ የለም። ባለቤቴ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ዘንድ ሄዶ፣ «እመቤት፣ እኔ ተተኪ የለኝም፤ ባዶ ልተወው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ «ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ አልቀበልም፤ አንድ የአሳንሰር ባለሙያ ስም ጻፍበት» አለችው። ባለቤቴ ደግሞ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። በድርጅቱ ውስጥ የሚያውቀው የአሳንሰር ባለሙያ አንድ ብቻ ስለሆነ የራሱን ስም ጻፈ፤ ፈረመም። ይኼን ሲነግረኝ ጭንቅላቴን ይዤ ቀረሁ። «ምነው፣ የቢሮው ሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው?» አልሁት። ለካስ የሰጋሁት በከንቱ ኖሯል፤ የሳቀ አልነበረም። ኃላፊዋ ማኅተም አሳረፈችበት፣ ቅጹ በሦስት ቢሮ ዞረ፣ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ፣ «የተጠቀሰው ተተኪ በተባሉት ቀናት ፈቃድ ላይ እንደሚሆን ስለተረጋገጠ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ብለው መለሱት። ክቡር ሆይ፣ ያንን «ስለተረጋገጠ» የሚለውን ቃል እኔ እስከ ዛሬ እያወጣሁ አነበዋለሁ። ማን አረጋገጠው? ማንንስ ጠይቆ? ወረቀቱን መስታወት አስገብቼ ሳሎን ልሰቅለው ነበር፤ አባባ ከለከሉኝ።

ሁለተኛ። ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለባለቤቴ ሁለት ደብዳቤ ጽፈውለታል። በማክሰኞው፣ የደረጃ ዕድገት ለጠየቀበት መልስ ሲሰጡ፣ የሥራ መደቡ «ለድርጅቱ መሠረታዊ ከሚባሉት ውስጥ እንደማይመደብ» ገለጹለት። በዓርቡ፣ ፈቃድ ለጠየቀበት መልስ ሲሰጡ ደግሞ፣ «ያለ እርሱ የድርጅቱ ሥራ ለአንድ ቀን እንኳ ሊንቀሳቀስ እንደማይችል» ገለጹለት። በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ተመንድጎ የሚያውቅ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱንም የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ማክሰኞ የፈረሙት እርስዎ ዓርብ ከፈረሙት እርስዎ ጋር አንድ ቀን ተገናኝተው ቢነጋገሩ መልካም ነው እላለሁ።

ሦስተኛ። በሁለተኛው ማመልከቻ ጋሽ ፒንሳን ለመንናቸው። እንኳን ለዘመድ ለባዳም እምቢ የማይሉ ሰው፣ የድሮ ቱታቸውን አሳጥበው፣ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ጥበቃው ግን «መታወቂያ የሌለው አይገባም» አላቸው። መታወቂያ ሊያወጡ ቢጠይቁ፣ መታወቂያ የሚሰጠው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ለመግባት መታወቂያ ያስፈልጋል ተባሉ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ሕንፃ በር ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ቆመው ተመለሱ። እኛ ቤት ገብተው የተናገሩት አንድ ቃል ቢኖር፣ «ልጄ፣ የተሸለምኋት ሰዓትም እኮ ቆማለች» የሚል ነው። ለዚህ ምስጋናውን ከሳቸው ይቀበሉ፤ እኔ አፌን ያዝ አድርጌዋለሁ።

አራተኛ። በደንቡ መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተወሰደ ፈቃድ ይቃጠላል። ባለቤቴ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እርስዎ ይከለክላሉ፣ ሁለት ዓመት ይሞላል፣ ፈቃዱ ይቃጠላል። እዚያ በሠራባቸው ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ የተቃጠለው የባለቤቴ ዕረፍት ቢከመር ክረምቱን ሙሉ ያሞቅዎት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አባትና ልጅ አብረው አንድም ቀን አላጠመዱም።

አምስተኛ። ይኼን ባለቤቴ አንብቦ «ኧረ በእናትሽ ይኼን እንኳ ተዪው» ስላለኝ ሰርዤዋለሁ። ባዶ ቦታ ያለው ጽሑፍ እንደማይቀበሉ ስለማውቅ ግን ቁጥሩን አላነሳሁትም።

ክቡር ሆይ፣ «ታዲያ ባልሽን ትተሽ ሽማግሌውንና ልጆቹን ይዘሽ አትሄጂም?» ይሉኝ ይሆናል። ፓርኩን እችለዋለሁ፤ እየጮሁም ቢሆን እሳፈራለሁ። ያ የእንጨት መተላለፊያ ግን በጎኑ መደገፊያ የለውም፤ ማዕበሉ ሲመታው ያንሸራትታል። ዓይናቸው የደከመ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ዘንግ ሲወረውር ከኋላ ቀበቶውን የሚይዝለት ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። እሳቸውም ያለ ልጄ አልሄድም ብለዋል፤ «ልጄ ከሌለ ዓሣዬን አይቶ የሚቀናብኝ ማን ነው?» ይላሉ።

ሦስተኛው ማመልከቻ ባለፈው ሳምንት «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» ተብሎ ተመለሰ። ይታያል! ቃሉን እንዴት እንደመረጡት እግዜር ይወቀው። በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚታይና ለማን እንደሚታይ ሐኪሟ ነግራናለች።

ሰሞኑን አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው መንጠቆ ከክር ማሰር ይለማመዳሉ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እነሱም ይጨፍናሉ፤ ማን ቶሎ ያስራል ብለው ይወዳደራሉ። አባባ ያሸንፋሉ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበውን ሳህን መልሼ አጥባለሁ።

እሑድ ምሳ በልተን እንዳበቃን አባባ የባለቤቴን ስም ጠርተው፣ «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ሥራህን አትጣ። ቪዛው ቢያልፍም ይለፍ። ባሕሩ የትም አይሄድ፤ አንድ ቀን አንተ ታየውና ትነግረኛለህ። እኔ ሲነገረኝ ማየት እችላለሁ» አሉት። ትልቋ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። ትንሿ፣ «እኔም ቁመቴ ስላልደረሰ ብንቀር ግድ የለኝም» አለች፤ ይህች ልጅ ስድስት ወር ሙሉ በር ላይ የተንጠለጠለች ናት።

ባለቤቴ በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ እሑድም አላደረገም። ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ወረቀት አምጪልኝ አለኝ። የጻፈው ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ በቀይ እስክሪብቶ የሚመለስ ስላልሆነ አሳጥሬ እጠቅሰዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ ስለማሳወቅ። ከሰኞ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ቀናት አባቴን ባሕር ላሳይ እሄዳለሁ። ስመለስ ሥራዬ ካለ እሠራለሁ። ከሌለም አባቴ ባሕር አይቷል።»

ተተኪ የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አደረገ። አባባ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ከዚያም ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ራሳቸው አነበቡት። ማንም አላነበበላቸውም። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ጽሑፍህ አሁንም እንደ ዶሮ ጭረት ነው» አሉና ቦርሳቸው የት እንዳለ ጠየቁኝ።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ላነበበልዎት ጸሐፊ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ወንበርዎ የጸና፣ ቡናዎ የሞቀ፣ የሚቀጥለው ዕረፍትዎም እንደወትሮው በራስዎ ፊርማ የሚጸድቅ ይሁን።

ከማይናወጥ አክብሮትና ሦስት ጊዜ ከተመለሰ ትሕትና ጋር፣

የአሳንሰር ሠራተኛዎ ሚስት፣
የሁለት ልጆች እናት፣
ሻንጣ በመዝጋት ላይ የምትገኝ

ተጨማሪ፦ በአሳንሰሩ ውስጥ ያለው ቀይ የአደጋ ደወል የሚጮኸው ባለቤቴ ዘንድ ባለው የድርጅቱ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነና አገር ለቆ እንዳይወጣ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ለታላቅ እህቴ አደራ ሰጥተናታል። ስለ አሳንሰር የምታውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ሰው በማጽናናት ግን የሚስተካከላት አይገኝም። እንዲያው ክፉ አይንካዎትና በሁለት ፎቅ መሐል ቢቆሙ፣ ደወሉን ረዘም አድርገው ይጫኑት። አስቀድማ ጤናዎን፣ ቀጥላ ልጆችዎን ትጠይቅዎታለች፤ ከዚያም የሐሞት ጠጠሯን ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርክልዎታለች። መሐል ላይ ሲያቋርጧት ትከፋለችና እባክዎን እስከ መጨረሻው ያድምጧት። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ታበቃለች።