ክንዱ ፈሪ መሆኑን ለዳኛ ስለ ማስረዳት

ለውድ እህቴ ለየሺአረግ፣ ካለሽበት ኩዌት ይድረስሽ።

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለው? ማዳምሽ ዛሬም ፊቷን ታጠቁራለች ወይስ ፈታ ብላለች? የበረሃው ነፋስስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ከሐሳብ በቀር ጤነኞች ነን። ሐሳብ እንደ በሽታ የሚቆጠር ከሆነ ግን ቤተሰቡ በሙሉ አልጋ ይዟል።

በስልክ ልነግርሽ እጀምርና ስለ ዝናብ አውርቼሽ እዘጋለሁ። አንቺም እናንተ አገር ዝናቡ በዛ ትያለሽ። ክንዱ በጠብ ታሰረ ያልሁሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ጌትነት ሞቷል። የክንዱ ሚዜ፣ አንቺ ስትሄጅ ሻንጣሽን ተሸክሞ መርዓዊ አውቶቡስ ድረስ የሸኘሽ ጌትነት። የገደለውም ወንድማችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት የቆጋ መስኖ ውኃ ሲያጥር፣ ድንቹ ማሳ ላይ ዛሬ ውኃው የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባባሉ። ጌትነት በሽመል መታው፤ ደገመው። ክንዱ ሮጠ። ቦዩ ዘንድ ሲደርስ አዳልጦት ወደቀ። ያ ሽመሉን እንዳነሣ ሲደርስበት፣ ይሄ ከወደቀበት በያዘው አካፋ ሰነዘረ። ጌትነት ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ውኃውን የሚያከፋፍሉት የውኃ አባታችን፣ ጋሼ ፍቅረ ማርያም፣ ከማዶ ሆነው ሁሉን አይተዋል።

ክንዱ ታዲያ እጁን ለፖሊስ ሲሰጥ ምን አለ መሰለሽ? "ሳስብበት ከርሜ ነው የገደልሁት።" ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የሚደበቀው ክንዱ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ መርማሪው አባባን ሲጠይቃቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው "የኔ ልጅ ሳያስብ እጁን አያነሣም" አሉ። አባባ ልጃቸውን ሲያመሰግኑ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ምስጋናውም የምስክር ቃል ሆኖ ተመዘገበ፤ ዐቃቤ ሕጉ በጣም ወደደው።

መንግሥት ያቆመልን ተከላካይ ጠበቃ ብሥራት የምትባል ልጅ ናት። ቢሮዋ ሰው ስለሞላው ጣና ዳር ዋርካ ሥር አስቀምጣ አስረዳችኝ። ለካ ሕጉ ግድያን እንደ ጤፍ ለይቶ ነው የሚሰፍረው። አስቦ አቅዶ የገደለ ከባድ ይባላል፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ተራ የሚባለው ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ያስቀጣል። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ፣ ወይም ክፉኛ ተነክቶ በድንገት የገደለ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቢበዛ አምስት ዓመት። ነፍሱን ለማዳን ሌላ መንገድ ያልነበረው፣ ከልክም ያላለፈ፣ ጭራሽ ላይቀጣ ይችላል። ክንዱ በገዛ አፉ የመጀመሪያውን መርጧል።

"ሽምግልናውስ?" አልኋት፤ አባባ የሚተማመኑት በእሱ ነዋ። "ዕርቁ ደሙን ያደርቃል፣ ቅጣቱንም ያቀል ይሆናል፤ ክሱን ግን አይዘጋም። ይልቅ መሸሹን፣ መፍራቱን ለዳኛ ይናገር፤ የውኃ አባታችሁም ያዩትን ይመስክሩለት" አለችኝ። አየሽ ጉዳችንን። አገሩ ሁሉ ሲደብቀው የኖረውን ነገር ፍርድ ቤት መከላከያ አድርገህ አቅርብ ይላል።

ሰባታሚት ማረሚያ ቤት ሄጄ ለክንዱ ነገርሁት። "ፈሪ ለናቱ አይደል ተረቱ? እማማ በር በሩን እያዩልህ ነው፤ ፈራሁ በልና ና" አልሁት። አልሳቀም። "እኔስ ይሁን፤ ጌትነት በፈሪ እጅ ሞተ ይባል? ልጁ ሲያድግ አባትህን የገደለው ሲሸሽ የነበረ ሰው ነው ይበሉት? አንድ ጊዜ ገድየዋለሁ፤ ሁለተኛ አልገድለውም" አለኝ። ጋሼ ፍቅረ ማርያምንም ያዩትን እንዳይናገሩ ልኮባቸዋል። እቴ፣ እኔም ቆሎውን ሰጥቼው ወጣሁ።

መልሱ የመጣልኝ በሩን ካለፍሁ በኋላ ነው። ያ ልጅ አባቱን ወዳጁ ፈርቶ ገደለው ቢሉት ያለቅሳል፤ ወዳጁ ሲዶልትበት ከርሞ ገደለው ቢሉት ግን ማንን አምኖ ያድጋል? ይህን አንቺ ንገሪው። ቀጠሮው ከሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው፤ ያን ቀንም አስቤበት ነው የገደልሁት ካለ አለቀልን። አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። መብረቅ ሲጮህ ቀሚስሽ ውስጥ ሲገባ አንድም ቀን አልሳቅሽበትም። ሰው ለታሰረ ወንድሙ በርታ፣ ጀግና ሁን ብሎ ይጽፋል፤ አንቺ ግን ፈሪ ነህ፣ ዱሮም ፈሪ ነበርህ፣ እኔ እንዲያው ነው የምወድህ ብለሽ ጻፊለት። ከእኛ አፍ ሲወጣ ስድብ ነው፤ ከአንቺ ሲመጣ ስሙ የተጠራ ይመስለዋል። በስልክ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ አሳትሜ አደርስለታለሁ።

እማማ ጉንጭሽን ስመውሻል። አባባ ሰላም ብለውሻል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አላመሰገኑም። የክንዱ ሚስት ውዴ ከነልጆቿ እጅ ነስታለች። ድንቹን ብቻዋን ቆፍራ አወጣችና ግማሹን በሽማግሌ እጅ ለጌትነት ሚስት ለማህሌት ላከችላት። ማህሌት ወደ ቤት አላስገባችውም፤ አልመለሰችውምም። ጆንያው እስከ ዛሬ ደጃፏ ላይ ነው።

ወንድምሽ ግሩም
ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር
ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.