ፈንታው፣ ጭስ ማውጫህ ሠራ

ለባለቤቴ ለፈንታው፣

እንደምን ከረምክ እንዳልልህ የዚያን አገር ክረምትና በጋ አላውቀውም። የእኛን ግን ልንገርህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ወጣ። ተዝካርህን አውጥተናል፤ ጠላው አልጎደለም፣ ሰውም ጠግቦ መርቆ ሄደ። ወጡ ላይ ጨው በዝቷል ብለው እናትህ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል እንጂ ሌላ ነቀፋ አልሰማሁም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ባጃጅ ደግሞ አሁን በራችን ድረስ ይመጣል፤ አንተ በዚያ በተሰበረ እግርህ ዳገቱን ስትወጣ በኖርክበት፣ አሁን ወጣቱ ሁሉ ተቀምጦ ይወጣል።

ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ ግን ሌላ ነው። ጭስ ማውጫህ ሠራ።

አዎ፣ ያው እሱ። የቱሪስት ማረፊያውን ሎጅ ስትገነቡ አይተህ መጥተህ እኛም ሳሎን ግድግዳ ውስጥ የገነባኸው የእሳት መሞቂያ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ስትጠርብ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ይስቅ ነበር፤ ጭስ በጣራው ስንጥቅ ይወጣል እንጂ መንገድ ይገነባለታል ወይ እያለ። አንተም ሠርተህ ጨርሰህ፣ ዝናብ እንዳይገባበት የቆርቆሮ ቆብ አልብሰህ፣ ልትለኩሰው ስትል ሎጁ ላይ ከመወጣጫው ወደቅህ። እግርህ ተሰብሮ ወልድያ ተኛህ፤ እኔም አብሬህ ሰነበትኩ፤ ቤቱን እናትህ ጠበቁ።

ተመልሰን የለኮስክበት ቀን ትዝ ሲለኝ እስካሁን ዓይኔን ያቃጥለኛል። ጎረቤታችን መሪጌታ ስሜነህ ቤቱን ሊመርቁ መጥተው ከደጅ ቆመው ነው የመረቁት፤ ውስጥ የሚመረቅ ሰው መኖሩ አይታይማ! አንተ እያሳልክ ነፋሱ ነው አልክ። በየክረምቱ ትለኩሳለህ፣ በየክረምቱ ነፋሱ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀንም ነፋሱ ነበር። ሌላ ሰው ወጥቶ ይየው ስልህ፣ ሌላ ግንበኛ የኔን ሥራ ከሚያይ ጭሱን ብበላው ይሻለኛል አልከኝ። እግሬ ሲጠና እኔው እወጣለሁ ስትል ኖርክ፤ እግርህም አልጠናም። መሪጌታም ለቅኔያቸው ነገር አገኙ። የፈንታው ጭስ እንደ ገዳም ሰው ነው፣ ከገባ አይወጣም እያሉ በየድግሱ ያስቁ ነበር። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ቤት ስትገባ ግን ያንን ምድጃ ጀርባህን ሰጥተኸው ትቀመጥ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ፍልሰታ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ ብርዱ አጥንት የሚበላ ሆኖ፣ እኔና እናትህ ከቅዳሴ መልስ በሩን ዘግተን ከሰል አቀጣጥለን ተቀመጥን። ከሰል ጭስ የለው ብለን። እናትህ በምንኩስና ወጋቸው ዳዊታቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኳቸው። እኔም ራሴን ሲያዞረኝ ጾሙ ነው አልኩ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ እየዳህኩ በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ወደቅሁ። መሪጌታ አይተው ሮጠው መጡ፤ እናትህን ተሸክመው አወጧቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል የመጀመሪያ ንግግራቸው፣ መነኩሴ እንዲህ አይታቀፍም የሚል ተግሣጽ ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጣችን። የሚታየው ጭስ ያስለቅሳል፤ የሚገድለው የማይታየው ነው አለች። ወይ በር ክፈቱ፣ ወይ መውጫ አብጁለት። በላስታ ብርድ በር ከፍቶ ማን ይቀመጣል? እኔም ብየዳ ቤት ያለው ሰይድ ዘንድ ሄድኩና መዝጊያና የአመድ መሳቢያ ያለው፣ ከጀርባው ቱቦ የሚወጣለት የብረት ምድጃ ለከሰል እንዲሆን አሠራሁ። ቱቦውን በአንተ ጭስ ማውጫ እንዲያስወጣው ነገርኩት።

ሰይድ ምድጃውን አስገብቶ፣ ቱቦውን ወደ መሞቂያህ አፍ ሰዶ፣ የቀረውን ክፍተት በላሜራና በጭቃ ደፈነና በጭራሮ ለኮሰ። ፈንታው፣ አንተ የመጣህ መሰለኝ። ያው የድሮው ጭስ በምድጃው መዝጊያ፣ በቱቦው መጋጠሚያ፣ በአመዱ መሳቢያ ሳይቀር ተመልሶ መጣ። መሪጌታ በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ ገዳሙ የብረት በርም ገባለት እንዴ አሉ።

ሰይድ ዓይኑን እየጠረገ፣ ይህ ጭስ ማውጫ አይተነፍስም፣ ላዩን ወጥቼ ልየው አለ። ይኸን ጊዜ እናትህ ተነሡ። የልጄን ሥራ ማንም አይነካም አሉ። ሰይድ መሰላል ሲያመጣ የመሰላሉ የታችኛው መወጣጫ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳው ሌላ ቦታ ይበሳ አሉ፤ ምድጃው ይሸጥ አሉ፤ በመጨረሻም ብርድ ለመነኩሴ በረከት ነው አሉ። እኔ ፍቅር ነው ብዬ ሆዴ ባባ። የልጃቸው እጅ ያረፈበት ነገር እንዳይፈርስባቸው ፈርተው ነው ብዬ፣ ሰይድን በማግስቱ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ና አልኩት።

መጣ፤ ወጣ። ቆቡን አንስቶ አጎንብሶ ውስጡን አየ። ከዚያ ቁልቁል እያየኝ፣ “እትዬ፣ ጭስ ማውጫ ላይ ክዳን የሚገነባው ማነው?” አለኝ።

ከቆቡ ስር፣ ከታች በማይታይበት ቦታ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አፉን ሞልቶ ተቀምጧል። ዙሪያውን በጭቃ ተለስኗል። ሰይድ አውርዶ ግቢው መሀል ሲጥለው፣ አይ ፈንታው፣ እኔ የከደንከው አንተ መሰልከኝ። ስትገነባ ለዝናብ ከድነህ ረስተኸው፣ ስንት ዓመት ነፋሱን ስታማ ኖርክ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ሲዞር እናትህ ከቅዳሴ ገቡ። ድንጋዩን አዩት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

“ያስከደንኩት እኔ ነኝ” አሉኝ። “ቀዳዳውን ከፍቶ ባደረ ማግስት ልጄ ወደቀ። ሞት በዚያ ይገባል ብዬ ፈራሁ። እናንተ ወልድያ ሳላችሁ ጣራ የሚያድስ ሰው ለምኜ አስደፈንኩት። ሞት ግን በበሩ ገባ።”

አንተ በጭስ ስታለቅስ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው አብረው ሲያለቅሱ ኖረዋል። ልንገረው ልንገረው እያልኩ፣ ከፍቶት ደግሞ ቢወድቅብኝስ እያልኩ ዘገየሁ አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ለመሪጌታ እንዳልነግር ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ።

ሰይድ ሥራውን ጨረሰ። ጭስ ማውጫህ ለግንድ እሳት የተሠራ ሰፊ ስለሆነ የከሰል ምድጃ ትንፋሽ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ይመለሳል ብሎ፣ ቱቦውን በውስጡ ሽቅብ ቀጥሎ እስከ ላይ አደረሰው፤ ዙሪያውን ደፈነው፤ ለጥላሸት መጥረጊያ የምትከፈት ትንሽ የብረት መዝጊያ አበጀለት። ነርሷ ያለችውን አልረሳንም፤ የሳሎኑን የላይኛዋን መስኮት እንከፍታለን። በጭራሮ ሲለኮስ ምድጃው ጉም ጉም አለና እሳቱ ሽቅብ ተሳበ። እኔና እናትህ ለማሳል ተዘጋጅተን ጠበቅን፤ የሚያስል ነገር አልመጣም። ደጅ ወጥተን አየነው። ነጭ ጭስ ከግንብህ አናት ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ነፋስም ነበረ።

እኔን ግን አንድ ነገር አንገበገበኝ። ሰፈሩ ሁሉ፣ ሰይድ የፈንታውን ጥፋት አረመው ይል ጀመር። አፌን ልክፈት ብል የእናትህ ልመና አለ፤ ዝም ልበል ብል ስምህ አለ። ከሰው ጋር ማውራት እስክጠላ ድረስ ከነፍሴ ጋር ተሟገትኩ።

የማርያም ማኅበር እኛ ቤት የደረሰ ጊዜ ሰው ሞቅ ብሎት ተቀምጦ ሳለ መሪጌታ ጽዋቸውን ይዘው፣ ፈንታው ነፍሱን ይማረውና ግንበኛ አልነበረም፣ እንኳን ሰይድ ደረሰልን አሉ። እናትህ ተነሡ። የድንጋዩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፤ አንድ ቃል አላስቀሩም። ሲጨርሱ ግን ጥፋቱን ግማሽ ለዚያ ጣራ አዳሽ ሰጡት፤ ሴት ያለችውን ሁሉ መስማት ነበረበት ወይ ብለው። ልጄ ግንበኛ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይነገር ብለው ቁጭ አሉ።

ቀድመው የሳቁት መሪጌታ ናቸው፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላቸውም። ተነሥተው ግንብህን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ይቅር በለኝ ፈንታው አሉ። በአንተ ላይ የተቀኙትን ሊሽሩ አዲስ ቅኔ ጀምረዋል፤ የፊተኛው በራሱ መጥቶልኝ ነበር፣ ይኼ ግን አልመጣ አለኝ እያሉ በየጧቱ ያማርሩኛል።

ባለፈው ሰሞን ከኩልመስክ የመጣ ቤት የሚያሠራ ሰው ጭሱን ከመንገድ አይቶ በራችንን አንኳኳ። ግንበኛው ማነው፣ የት አገኘዋለሁ አለ። እኔ ቃል ሳላወጣ እናትህ ቀደሙኝ፤ አሁን ሌላ ቦታ ይዞታል፣ ወረፋውም ረጅም ነው አሉት። ሰውየው አምኖ እጠብቃለሁ ብሎ ሄደ። ተከትዬው ሮጬ እንደተለየኸን መንገድ ላይ ነገርኩት፤ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ያን ጊዜ ስምህን ሙሉውን፣ እስከ አያትህ ድረስ ጠራሁለት።

ዕድሜ እስከ ሰጠኝ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ። ማን ሠራው ላለኝ ሁሉ፣ ሳልቸኩልና ሳላፍር፣ ባሌ ነው እላለሁ።

ባለቤትህ