ቅቤ የተቀባሁበት እሑድ

እሑድ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ቦሌ

ሳምንቱን ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ራሴን ሲያመኝ ነው የሰነበተው። ዛሬ ቅቤ ተቀብቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ልጆቹ እስኪነሱ ፀሐይ ላይ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት።

ቅቤው ገና ሳይቀልጥ የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር በሩን አንኳኳች።

"ጓድ አልማዝ፣ ስብሰባ መኖሩ አልተነገረሽም?"

"ቅቤ ተቀብቻለሁ።"

"ታጠቢ እንግዲህ።"

"አልታጠብም። ግድ ከሆነ እንዲሁ እመጣለሁ።"

ባለፈው ስቀር ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ከልክለውኛል። ትንሿን አዝዬ፣ ትልቁን በእጄ ይዤ ሄድኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሲሞቅ ቅቤው በግንባሬ ወረደ። አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። ሊቀመንበሯ ስለ ሴቶች ነፃነት እየተናገረች ዓይኗን ከእኔ መንቀል አቃታት። እኔም ሆን ብዬ አልጠረግሁትም።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው፣ "ላይ ላዩን ነው የተቀባሽው የኔ ልጅ፣ ሥሩ እኮ አልጠጣም" አሉኝ። ሻሹን ፈታ አድርገው በጣቶቻቸው ያሹኝ ጀመር።

እንዲህ የሚያሸኝ ባሌ ታደሰ ነበር። "ተማሪዎችሽ አሁን ቢያዩሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ከዘመተ ወዲህ ልጆቼ ሲጎትቱኝ ካልሆነ በቀር ፀጉሬን የነካ እጅ የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሊቀመንበሯ ምን እንደተናገረች አልሰማሁም። ብቻ ስብሰባው ባያልቅ ብዬ ስመኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።