በግራ በኩል ስላለው ፍሬን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንም፣ የወንበርዎንም፣ በር ላይ የቆመችውን የአዲሷን ሞተር ሳይክልዎንም ጤንነት እየጠየቅሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። የእንግሊዝ ሞተር ስፈታ ስገጥም ያረጀሁ መካኒክ ስሆን፣ ሰሌዳዋን የፈታችሁባት የስድሳ ዓመቷ ሞተር ባለቤት ነኝ። ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መርማሪዎ የእኔን ሞተር በእሷው አምሳል ዘንድሮ ከተሠራችው ከእርስዎ አዲሷ ጋር አስተያይተው «ተመሳስላ የተሠራች» ብለው ስለመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። ልጅ እናቷን ስለመሰለች እናትየዋ ስትከሰስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

2. እውነቱን ለመናገር አዲሷ ትሻላለች። አንድ ደንበኛዬ የእርስዎን የመሰለች ሞተር አስነድቶኝ ነበር፤ ቁልፍ ሲጫኑ ትነሳለች፣ ዘይት አታንጠባጥብም፣ ፍሬን ስትያዝ ቀጥ ትላለች። ካርቡሬተር የሚመስለው ነገር ግን ለጌጥ የተለጠፈ ሽፋን ነው። የእኔዋ ስድስት ጊዜ ካልተረገጠች አትነሳም፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሆኖም ሕመሟን በመፍቻ አድናታለሁ፤ አዲሷ የሚያማትን የምትናገረው ለኮምፒውተር ብቻ ነው።

3. የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተሮች ከዛሬዎቹ በተቃራኒ ማርሻቸው በቀኝ፣ የእግር ፍሬናቸው በግራ ነው። ይህንን ለመርማሪዎ ሦስት ጊዜ ብነግራቸው ሥራቸውን እንዳላስተምራቸው ገሠጹኝ። ነድተው ሲፈትሿት ፍሬን መስሏቸው ማርሹን ረገጡ፤ እሷም ታዛ ማርሽ ለወጠች፤ ከነመርማሪው አጥራችሁ ውስጥ ገባች። እዚያው አጥሩ መሀል ሆነው «የእግር ፍሬን የላትም» ብለው መጻፋቸው ትጋታቸውን ያሳያል።

4. ታላቅ እህቴን እግሮቿ አይታዘዟትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሞተሯ ጎን በገጠምኩላት መቀመጫ ልብስ ስፌት ቤት፣ ሥራዋ ላይ፣ አድርሻታለሁ። ሰሌዳው ከተፈታ ወዲህ ሦስት ሳምንት ቤት ውላለች። አሠሪዋ እስከ ሰኞ ካልመጣች ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሏል። ሌላው ሁሉ ያደክመኛል፤ ይህ ግን ያመኛል።

ስለዚህ መርማሪዎ አንድ ጊዜ ብቻ በግራ እግራቸው እንዲረግጡ ይዘዙልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

የራሴን ትዕግሥት ላስረዘሙልኝ ለእርስዎ ዘወትር ባለውለታ የሆንኩ፣
አሮጌ ሞተር ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ መርማሪዎ አጥሩ ላይ ከኋላ የተቀደደባቸውን የደንብ ልብስ ሱሪ እንዲሰፋላቸው እህቴ ወደምትሠራበት ስፌት ቤት ልከው ኖሯል። የደንብ ልብስ ጥገና የእህቴ ድርሻ ስለሆነ፣ ሱሪው ከስፌት መኪናዋ ላይ ተጣጥፎ እየጠበቃት ነው። እስክትመጣ ድረስ መርማሪዎ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው እንዲቆሙ በአክብሮት እመክራለሁ።